የድምፅ ሕመምተኛውን ራሱን መጠየቅ፦ አንድ መጠይቅ ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎች እንዴት ተፈተነ?

ሁለት ሰዎች ድምፃቸው ሻክሮባቸው ወደ ጉሮሮ ሐኪም ሄዱ እንበል። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ማንቁርታቸውን ሲያይ፣ የሁለቱም የድምፅ አውታር ላይ ተመሳሳይ ትንሽ እባጭ አለ። አንዷ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ሌላው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በምስሉ ሲታይ በሽታቸው አንድ ነው። ኑሯቸው ላይ ግን እኩል አላረፈም። እሷ ሳምንቱ ሳይጋመስ ድምፅዋ ይዘጋል፣ ልጆቹን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ሥራዬን ላጣ ነው ብላ ትሰጋለች። እሱ ሚስቱ «ምነው ድምፅህ?» ባትለው ኖሮ ልብም አይለው።

ይህን ልዩነት ካሜራ አያወጣውም። ድምፅን ቀድቶ የሚተነትን ኮምፒውተርም አያወጣውም። የመሣሪያ ልኬትና ሕመምተኛው ስለ ራሱ የሚናገረው ብዙ ጊዜ እንደማይገጥሙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ። ሰውየውን ጠየቁት። ቀላል የሚመስለው ግን እስኪጀምሩት ነው፤ በተለይ ጥያቄው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር።

እዚህ የማቀርበው የዕብራይስጡን ጉዳይ ነው። በድምፅ ሕክምና ዓለም እጅግ ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በእስራኤል ተተርጉሞ የተፈተነበትን ሥራ ማለቴ ነው። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «ተተርጉሟል» እና «ተረጋግጧል» የሚሉት ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ በደንብ ያሳያል። ሁለተኛ፣ እስራኤል ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ የጉሮሮ ክሊኒክ ሲገቡ የሚሰጣቸው ወረቀት ከዚህ ሥራ የወጣ ሊሆን ይችላል።

መጠይቁ ከየት መጣ

ስሙ ቮይስ ሃንዲካፕ ኢንዴክስ ነው፤ ባለሙያዎቹ ቪኤችአይ ይሉታል። በ1997 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባርባራ ጃኮብሰንና ባልደረቦቿ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ በሚገኘው ሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ሠርተው አወጡት። መነሻቸው የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ያወጣው አከፋፈል ነበር። አካል ላይ የደረሰ ጉዳት አንድ ነገር ነው። ጉዳቱ ሰውየው በኅብረተሰቡ ውስጥ የነበረውን ቦታ ሲያሳጣው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጠይቁ ሁለተኛውን ነው የሚፈልገው። ድምፅህ ምን ያህል ሻከረ አይልም። ድምፅህ ምን ቀማህ ነው የሚለው።

መጀመሪያ 85 ጥያቄዎች ሰበሰቡ። ክሊኒኩ ለመጡ 65 ሕመምተኞች ሰጡ። ከዚያ እያጣሩ 30 ብቻ አስቀሩ። ሠላሳዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፣ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር። የመጀመሪያው የዕለት ተዕለት ሥራና ግንኙነትን ይመለከታል፦ በጫጫታ ቦታ ሰው ይሰማኛል ወይ፣ ስልክ መደወል ቀነስኩ ወይ፣ ድምፄ ገቢ አሳጣኝ ወይ። ሁለተኛው አካላዊ ስሜት ነው፦ ስናገር ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ለመናገር እታገላለሁ፣ ማታ ማታ ይብስብኛል። ሦስተኛው ስሜትን የሚነካ ነው፦ አፍራለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ሰዎች በድምፄ የሚሰላቹ ይመስለኛል። መልሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «ሁልጊዜ» በአምስት እርከን ነው፣ ከ0 እስከ 4። ሁሉም ሲደመር ከፍተኛው 120 ይሆናል።

እዚያ አላቆሙም። 63 ሕመምተኞች ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ እንዲሞሉ አደረጉ። ሰው ድምፁ ሳይለወጥ ውጤቱ የሚዋዥቅ ከሆነ መለኪያው ዋጋ የለውም። ከዚያ ሙከራ አንድ ጠቃሚ ቁጥር ወጣ፦ 18። ከሕክምና በፊትና በኋላ የድምሩ ልዩነት 18 ነጥብ ካልደረሰ፣ ለውጡ እውነተኛ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ይህች 18 ኋላ ላይ ትመጣለች።

መጠይቁ ቶሎ ተስፋፋ። በ2004 ክላርክ ሮዘንና ባልደረቦቹ ከሠላሳው አሥሩን ብቻ መርጠው አጭር ቅጂ አወጡ፤ ቪኤችአይ-10 ይባላል፣ ከፍተኛው ውጤት 40 ነው። ሕመምተኛ ተራውን እየጠበቀ ሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሞላዋል። ሥራ የበዛበት ክሊኒክ ይህን ይወዳል።

ወደ ዕብራይስጥ

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የድምፅና የንግግር ተመራማሪ ኦፈር አሚር ከባልደረቦቹ ጋር የዕብራይስጡን ቅጂ ፈትኖ ውጤቱን በ2006 በድምፅ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት አጭሩን ቅጂ ለብቻው ፈትነው በሌላ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሁለቱን ለየብቻ መፈተናቸውን ልብ በሉ። ረጅሙ ከሠራ አጭሩም ይሠራል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ አላለፉትም። ይህ ጥንቃቄ ነው ሥራውን እንዳከብረው ያደረገኝ።

ትርጉም ላይ ምን ፈተና አለ? ዕብራይስጥ ራሱ የሚያመጣው አለ። በእንግሊዝኛ «እኔ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ በአማርኛም እንዲሁ። በዕብራይስጥ ግን የአሁን ጊዜ ግሥ በአንደኛ መደብም ጾታ ይለያል። ወንድ «አኒ መዳቤር» ሲል ሴት «አኒ መዳቤሬት» ትላለች። ሠላሳውም ጥያቄ «እኔ» ባይ ወይም ስለ «እኔ» የሚናገር ነው። ታዲያ ወረቀቱን በወንድ ብቻ ትጽፋለህ? ሁለት ወረቀት ታዘጋጃለህ? በየግሡ ላይ ጭረት አድርገህ ሁለቱንም ትሰካለህ? ወደ ዕብራይስጥ መጠይቅ የሚተረጉም ሁሉ ይህን መወሰን አለበት። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድምፅ ክሊኒክ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስለ ራሷ ስሜት የሚጠይቅ ወረቀት በወንድ አፍ ሲያናግራት መልሷ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም ብሎ መማል ይከብዳል።

ሌላው የገጹ አቀማመጥ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፣ ቁጥር ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። የእንግሊዝኛውን ሠንጠረዥ ሳይገለብጡ ከወሰዱት፣ የአንባቢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው «በጭራሽ» ላይ ሳይሆን «ሁልጊዜ» ላይ ነው። ደክሞት፣ ተራውን እየጠበቀ፣ መነጽሩን ቤት ረስቶ የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ያየው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ሠላሳ ጊዜ ትደጋገማለች።

ደግሞ የኑሮው ልዩነት አለ። «ቤተሰቦቼን ከሌላ ክፍል ስጠራቸው አይሰሙኝም» ዓይነት ጥያቄ፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ለሚኖር አሜሪካዊና እስራኤል ውስጥ ባት ያም ከተማ ሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው እኩል አይከብድም። «ድምፄ ገቢ አሳጥቶኛል» የሚለው ለጡረተኛ ምን ማለት ነው? ዜሮ ይሞላል። ዜሮው ግን ድምፁ ደህና ስለሆነ አይደለም፣ ደመወዝ ስለሌለው ነው። ስልኩም እንደዚያው ነው። በ1997 ስልክ ማለት መደወል ነበር። ዛሬ ድምፁ የደከመ ሰው መልእክት ጽፎ ይልካል፣ ጤነኛውም እንዲሁ። ይህ ጥያቄ በእኔ ግምት በየትኛውም ቋንቋ እንደገና መታየት ያለበት ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ትርጉም በ2000 የወጣና ብዙዎች የሚከተሉት የአሠራር መመሪያ አለ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ አንዱ የማያውቅ። ሁለቱ ይታረቃሉ። ከዚያ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ትርጉሙን ወደ መነሻ ቋንቋው ይመልሱታል። ኮሚቴ ተቀምጦ ያያል። በመጨረሻ ከ30 እስከ 40 ሰዎች ሞልተው ምን እንደተረዱ ይጠየቃሉ። መልካም ነው። ሰዎች ግን መልሶ መተርጎሙ ላይ ሲደርሱ «በቃ አለቀ» ይላሉ። አላለቀም። መልሶ መተርጎም የሚያሳየው ቃላቱ መመሳሰላቸውን ነው። ወረቀቱ ሕመምተኛን ከጤነኛ መለየት መቻሉን አያሳይም። ጎበዝ ተርጓሚ ደካማ ትርጉምን በጥሩ እንግሊዝኛ ሊመልሰው ይችላልና።

ፈተናው

የዕብራይስጡ ጥናት ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ድምፃቸው የታመመ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችንና የድምፅ ችግር የሌለባቸውን አመጡ። ሁለቱም ወረቀቱን ሞሉ። መጠይቁ ሥራውን የሚሠራ ከሆነ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት ይራራቃል። ተራራቀም። ሕመምተኞቹ በግልጽ ከፍ ያለ ነጥብ አመጡ። ጥያቄዎቹም እርስ በርስ ሲታዩ የሚጣጣሙ ሆነው ተገኙ።

ሁለቱን ነገሮች ለያይተን እንያቸው፤ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ።

መጣጣሙ የሚለካው ክሮንባክ አልፋ በሚባል ስሌት ነው፣ ሊ ክሮንባክ በ1951 ያቀረበው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ጥያቄ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠ ሰው ሌሎቹም ላይ ከፍ ያለ ይሰጣል ወይ? ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ላይ እየተረባረቡ ነው ይባላል። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጠይቅ 0.95 ነበር ያገኘው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን አልፋ የጥያቄ ብዛት ይወዳል። ጥያቄ በጨመርክ ቁጥር ከፍ ይላል። አንዱን ጥያቄ በሌላ አባባል አሥር ጊዜ ብትጠይቅ አልፋው ሰማይ ይነካል፣ የምታውቀው ነገር ግን አይጨምርም። ስለዚህ የትርጉም ጥናት ይዞልን የሚመጣው አልፋን ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። አልፋ ጥያቄዎቹ መስማማታቸውን ይነግረናል። በምን ላይ እንደተስማሙ አይነግረንም።

ሁለቱን ቡድኖች ማነጻጸር ያንን ክፍተት ይሞላል። ጤነኞቹን መጨመር ለይስሙላ አይደለም። ጤነኛ ሁሉ ዜሮ አያመጣም። ጉንፋን የያዘው ሰው አለ፣ ትናንት ሠርግ ላይ ሲጮህ ያመሸ አለ፣ በተፈጥሮው በጫጫታ ቦታ የማይሰማ አለ። የጤነኛ ሰው ውጤት ምን እንደሚመስል ሳታውቅ የሕመምተኛውን 25 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ማለት አትችልም። ለአጭሩ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ በ2012 የወጣ ጥናት የጤነኞች አማካይ 2.83 ነው ብሏል፤ ከ11 በላይ ያመጣ ሰው ይታይ የሚል ወሰንም አስቀምጧል። ይህን ወሰን ብዙ ክሊኒኮች እንደ ሕግ ይዘውታል። ወሰኑ ግን የወጣው ከአሜሪካውያን መልስ ነው። ድንበር ሲሻገር ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

ያቺ 18ም እንዲሁ ናት። ከዲትሮይት ሕመምተኞች የወጣች ቁጥር ናት። በሌላ ቋንቋ ቅጂ «18 ነጥብ ስለቀነሰ ሕክምናው ሠርቷል» የሚል ሰው፣ ቁጥሩ በዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ እንደገና መሰላት ያለበት መሆኑን ማወቅ አለበት። ብዙ የትርጉም ጥናቶች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። ሐኪሙን በየቀኑ የሚያስፈልገው ግን ይሄ ነው። ሰውየው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ለወራት የድምፅ ልምምድ ሠርቶ ሲመለስ፣ ተሻለው ወይስ አልተሻለውም ለማለት።

አጭሩ የዕብራይስጥ ቅጂ ሲፈተን ከረጅሙ ጋር ጥብቅ ዝምድና እንዳለው ታየ። ተግባራዊ ትርጉሙ፣ ጊዜ የሌለው ክሊኒክ አሥሩን ጠይቆ ከሠላሳው የሚያገኘውን አጠቃላይ ሥዕል ማግኘት ይችላል ነው። የሚጠፋ ነገር ግን አለ። ቪኤችአይ-10 ሦስቱን ክፍሎች ትቶ አንድ ድምር ብቻ ነው የሚሰጠው። ያቺን አስተማሪ እናስብ። ድምሯ 22 ነው ብንባል ችግር እንዳለባት እናውቃለን። የሚያስጨንቃት ጉሮሮዋ ይሁን፣ ሥራዋ ይሁን፣ ኀፍረቷ ይሁን አናውቅም። እኔ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ብሆን የመጀመሪያ ቀን ረጅሙን፣ ክትትል ላይ አጭሩን እሰጥ ነበር። ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን መዝጋትም ትክክል አይመስለኝም። 4 የተሞላባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንስቶ «ይህን እስኪ ንገሪኝ» ማለት ከድምሩ የበለጠ ያስረዳል።

የዕብራይስጡ ሥራ ብቻውን አልቆመም። በ2008 የተለያዩ የአውሮፓ ቋንቋዎች ቅጂዎች እርስ በርስ ተነጻጽረው ተመጣጣኝ ሆነው ተገኝተዋል። በአረብኛም በ2010 ተፈትኖ ታትሟል፤ ይህ ለእስራኤልም ትርጉም አለው፣ ከአገሪቱ ሕዝብ አምስት አንዱ ያህል አረብ ነውና።

«ዕብራይስጥ ተናጋሪ» ማን ነው?

አሁን ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ። መጠይቁ የተፈተነው ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ነው። እስራኤል ግን የስደተኞች አገር ናት። ዕብራይስጥን ገበያ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ውስጥ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ስሜቱን ግን በሌላ ቋንቋ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ገባ። ከእኛ አገር ደግሞ በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ገቡ። በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው። ያኔ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ዛሬ ሰባዎቹንና ሰማንያዎቹን ይዘዋል። ከመካከላቸው ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ፣ አማርኛም ትግርኛም ማንበብ ያልተማሩ እናቶችና አባቶች አሉ።

ድምፅ የሚታመምበት ዕድሜ ደግሞ ይሄው ነው። የድምፅ አውታር ከዕድሜ ጋር ይሳሳል። የነርቭ በሽታ ይመጣል። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ወደ ማንቁርት የሚሄደውን ነርቭ ሲነካ ድምፅ ይዳከማል።

እንዲህ ያሉ እናት ክሊኒክ ገቡ እንበል። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው አለ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ወረቀቱን ይዞ በዕብራይስጥ ያነባል፣ በተሰባበረ አማርኛ ይጠይቃል። «እማማ፣ ሰዎች በድምፅሽ ይናደዳሉ ወይ ይላል።» እሳቸው ልጁን ያዩታል። ቤት ውስጥ «ምን አልሽ? ጮክ በይ!» የሚላቸው እሱ ራሱ ነው። እውነቱን ቢናገሩ እሱን መክሰስ ይሆንባቸዋል። «ኧረ ማንም አይናደድ፣ ተመስገን» ይላሉ። ልጁ ዜሮ ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ «በድምፅሽ ታፍሪያለሽ?» ይላል። «ምን ያሳፍራል፣ እሱ ያመጣው ነው።» ሌላ ዜሮ። እንዲህ እንዲህ እያለ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ የቀነሰ ሴት ጤነኛ የሚያስመስል ድምር ይዘው ይወጣሉ።

መጠይቁ ዋሸ? አልዋሸም። እንዲለካ ያልተፈተነበትን ሰው እንዲለካ ተደረገ እንጂ። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ እጅ እንዲሞላው የተሠራ ወረቀት ነው። በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ሌላ መሣሪያ ሆኗል። በእኛ ባህል «እንዴት ነዎት?» ለሚል ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት መልስ ብቻ ሳይሆን ጨዋነት ነው። ችግርን በቁጥር ከፍ አድርጎ መናገር ማማረር ይመስላል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ላደገ ሰው ስለ ስሜት የሚጠይቁት አሥሩ ጥያቄዎች ከሁሉ የከበዱ ናቸው። በአካላዊው ክፍል ግን ይናገራሉ፦ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል፣ ማታ ይዘጋኛል። እንግዲህ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የሦስቱ ክፍሎች ሚዛን ከቴል አቪቩ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሚዛን ጋር እኩል ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መፈተን አለበት።

የዕብራይስጡን ጥናት አልወቅስም። ሥራው የገባውን ቃል ፈጽሟል። ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎች አለ፣ ለዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ፈተነ። ከዚያ ወዲያ ያለው የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ የሚያዝ መመሪያ አውጥቷል። አማርኛን ያካተተ የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎትም አለ። በአንዳንድ ክሊኒኮች ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኝ ሠራተኞች አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስተርጓሚ ግን መጠይቅ አይፈትንም። በየጊዜው በስልክ የሚገኘው አስተርጓሚ እየተለያየ እያንዳንዱ በራሱ አባባል ከጠየቀ፣ የጥርና የሰኔ ውጤቶች አንድ ላይ የሚቀመጡ አይደሉም።

ታዲያ የአማርኛ ቅጂ ለመሥራት ለሚነሳ ሰው ከዕብራይስጡ ጉዳይ ምን ይተርፋል? አንደኛ፣ የሚነበብ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ጮክ ተብሎ የሚጠየቅ ቅጂም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ለየብቻ ይፈተኑ፣ ረጅሙና አጭሩ ለየብቻ እንደተፈተኑት ሁሉ። የሚጠየቀው ቅጂ «እርስዎ» ይበል። ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰው «አንቺ ታፍሪያለሽ?» ብሎ የሚጀምር መጠይቅ ገና መልስ ሳያገኝ በሩን ዘግቷል። በአዲስ አበባና በቡታጅራ በኩል የድብርት መጠይቆች በአማርኛ ሲፈተኑ የተገኘው ልምድ አለ፤ ጠያቂ ሰልጥኖ ጮክ ብሎ የሚያነብበት አሠራር ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያ ቡድኑ። የአማርኛ ተናጋሪ ጤነኞች ውጤት ሳይኖር የሕመምተኞቹን ውጤት ከዕብራይስጥ ወይም ከአሜሪካ ወሰን ጋር ማስተያየት አይቻልም። ጤነኞቹ በዕድሜ የሚመጥኑ መሆን አለባቸው። ሕመምተኞቹ ሰባ ዓመት፣ ጤነኞቹ ሃያ አምስት ዓመት ተማሪዎች ከሆኑ የሚለካው ዕድሜ ነው፣ ሕመም አይደለም። ተማሪ ማግኘት ቀላል ስለሆነ ብዙ ጥናት እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቹን ከመቁጠር በፊት ሰዎቹን ማነጋገር። የቤተ እስራኤል ቄሶች ጸሎት የሚመሩት በድምፃቸው ነው። ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ቡና ላይ ድምፅ ቦታ አለው። የ1997ቱ ሠላሳ ጥያቄዎች ውስጥ እነዚህ የሉም። ምናልባት ሠላሳው ሳይነካ ሁለት ሦስት ጥያቄ ለብቻ መጨመር ይቻላል፤ ድምሩ ውስጥ ሳይገቡ፣ ለወሬ መክፈቻ።

እስከዚያው ድረስ ክሊኒክ ውስጥ ያለ ባለሙያ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የዕብራይስጡን ወረቀት በአስተርጓሚ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ግን የቤተሰብ አባል አያስተርጉም፣ በተለይ ልጅ። ውጤቱን ከታተመ ወሰን ጋር አያወዳድር፤ ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ያወዳድር፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ፣ ከተቻለ በዚያው አስተርጓሚ፣ በዚያው አባባል። መዝገቡ ላይ ከድምሩ አጠገብ በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀ፣ ማን እንዳነበበው፣ ሕመምተኛው ብቻውን እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይጻፍ። ሐኪሙ ከስድስት ወር በኋላ ያን መዝገብ ሲከፍት 14 የሚል ቁጥር ብቻ ካገኘ፣ ቁጥሩ የእናትየው ይሁን የልጅ ልጃቸው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።